የሕግ ርዳታ እስከ ኡራን ይድረስ

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ለደረሰው ገጠሬ የመጀመሪያው ጭንቀት ደብዳቤው ምን ይላል የሚለው ነው። ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በከተማ የሚኖርና ከችሎት ደጃፍ የማይርቅ ሰው እነዚህን ሁለት ጭንቀቶች ለይቶ አያያቸውም፤ ደብዳቤውን እንዳነበበ ወደ ጠበቃው ይሄዳልና። ከሞያሌ በስተምዕራብ፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በኡራን ግን በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ብዙ ቀናት ያልፋሉ፤ ሕጉም እነዚህን ቀናት ይቈጥራቸዋል።

ኡራን በኬንያ ሪፐብሊክ በማርሳቢት አውራጃ፣ ኬንያውያን ካውንቲ በሚሉት ግዛት፣ በሞያሌ የምርጫ ክልል ውስጥ ከሚገኙት ዋርዶች አንዷ ናት። ሕዝቧ በአብዛኛው ቦረና ሲሆን የሚተዳደረው በከብት፣ በግመል፣ በበግና በፍየል ርባታ ነው። የወሰኑ መሥመር አስቀድሞ በ1907 በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መንግሥታት ውል፣ በኋላም በ1970 በነጻዪቱ ኬንያና በኢትዮጵያ መካከል በተደረገው ውል ተወሰነ። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) መሥመሩ ግን መንግሥታቱን ለየ እንጂ ዘመድን ከዘመድ፣ መንጋውንም ከውሃው ሊለይ አልቻለም። ድርቅ ሲበረታ መንጋው ወደ ሰሜን ይሻገራል፤ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። በዚህ ኑሮ ውስጥ ያለ ሕዝብ ቋንቋው ቦረንኛ፣ ይኸውም የኦሮምኛ አንዱ ዘዬ ሲሆን፣ መንግሥቱ የሚጽፍለት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲናገረውም ብዙ ጊዜ በስዋሂሊ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት ለመንግሥት ሥራ የመረጣቸው ሁለቱን ቋንቋዎች ስለ ሆነ በዚህ ማንም ሊከሰስ አይገባውም። ነገር ግን መንግሥት ቋንቋውን የመምረጥ ሥልጣን ያለውን ያህል፣ ቋንቋውን ለማይሰማው ዜጋ የማስተርጐም ዕዳ አለበት።

ነገሩ ዛሬ ጐልቶ የታየበት ምክንያት አለ። የሰሜን ኬንያ መሬት ለብዙ ዘመን ከዋናው ከተማ ሰው ዓይን የራቀ፣ ገበያ የማያውቀው መሬት ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው የአስፋልት መንገድ በ2017 ገደማ ከተጠናቀቀ ወዲህ፣ በተለይም በታኅሣሥ ወር 2020 የኬንያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሞያሌ የጋራውን የወሰን መቈጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ፣ ዘመኑ ተለወጠ። ቀድሞ በጭቃና በአቧራ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው የናይሮቢ ጕዞ ዛሬ የአንድ ቀን ጕዞ ሆኖአል። መንገድ ባለበት ሱቅ ይከፈታል፤ ሱቅ ባለበት ግብር ሰብሳቢ ይመጣል፤ ሁለቱ ባሉበትም መሬቱን የሚለካ ሰው መሣሪያውን ተሸክሞ ብቅ ይላል። ይህ ሁሉ የዕድገት ምልክት ነውና ሊጠላ አይገባውም። ሆኖም ግብር አስከፋዩና መሬት ለኪው ሲመጡ የሕግ ዐዋቂው ከእነርሱ ጋር ስለማይመጣ፣ ሕዝቡ ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ የአገሩን ታሪክ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። በቅኝ ግዛት ዘመን የሰሜኑ ወሰን ክፍል የሚተዳደረው ከሌላው ኬንያ በተለየ ሕግ ነበር። በ1934 የወጣው የልዩ አውራጃዎች አስተዳደር ደንብ ለእንግሊዝ ሹማምንት የሰጣቸው ሥልጣን እጅግ ሰፊ ነበር። ከነጻነት በኋላም በሰሜን ምሥራቁ ክፍል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ እስከ 1991 ሳይነሣ ቈየ፤ ደንቦቹም አዋሳኝ የሆኑትን አውራጃዎች፣ ማርሳቢትንም ጭምር፣ የሚነኩ ነበሩ። እንግዲህ በዚህ አገር ያደገ ሽማግሌ ስለ ሹም የተማረው ትምህርት ሹም ያዛል፣ ሰው ይታዘዛል የሚል ነው። ይህን ሽማግሌ ድንገት ጠርቶ «ሹሙ ለምን እንዲህ እንዳደረገብህ በጽሑፍ እንዲነግርህ ልትጠይቀው መብት አለህ» ቢሉት የሚቀልዱበት ይመስለዋል።

ነገር ግን ቀልድ አይደለም። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው ፈጣን፣ ሕጋዊ፣ አግባብነት ያለውና ሥነ ሥርዓቱን የጠበቀ አስተዳደራዊ ሥራ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ አስተዳደራዊ ውሳኔ መብቱን ለሚነካበትም ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰጠው እንደሚገባ ያዝዛል። ይህን የሚያስፈጽመው ሕግ በ2015 ወጣ። በ210ኛውም አንቀጽ ግብርም ሆነ የፈቃድ ክፍያ በሕግ ካልተደነገገ በቀር ሊጣል አይችልም ተብሎ ተጽፎአል። ስለዚህ በከብት ገበያ በር ላይ ቆሞ በየፍየሉ ራስ ገንዘብ የሚቀበለውን ሰው «በየትኛው ሕግ ነው? ደረሰኙስ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን ማክበር ነው። በተለይ 47ኛውን አንቀጽ የመሰለ ድንጋጌ በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥት ውስጥ አይገኝም። በኢትዮጵያ እንኳ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን አስተዳደራዊ ሥራ የሚገዛ ጠቅላላ የሥነ ሥርዓት ዐዋጅ፣ ቁጥር 1183፣ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ችግሩ ታዲያ ምንድር ነው ቢባል፣ መብቱ ሁሉ የቀን ገደብ ያለው መሆኑ ነው። አንድ የከብት ነጋዴ በምሳሌ ይወሰድ። ነጋዴው ከኡራንና ከአካባቢዋ ሠላሳ አርባ በሬ ሰብስቦ ወደ ደቡብ ይልካል እንበል። የከብቱ ዋጋ በእጁ የሚያልፈው ለባለከብቶቹ ሊከፍለው ነው፤ ለእርሱ የሚተርፈው በየበሬው ጥቂት ነው። ግብር አስከፋዩ ግን በባንክ ወይም በስልክ የተላለፈውን ገንዘብ ጠቅላላ ድምር አይቶ ግብሩን በዚያው መጠን ይወስንበታል። በ2015 በወጣው የግብር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ነጋዴው ውሳኔው ከተነገረው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ተቃውሞው ምክንያቱን በዝርዝር የሚያስረዳ፣ ማስረጃውም የተያያዘ፣ የማይከራከርበትም የግብር ክፍል የተከፈለ ወይም የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘም ጥያቄ የቀረበበት መሆን ይገባዋል። ባለሥልጣኑ ተገቢ ሆኖ የቀረበውን ተቃውሞ በ60 ቀን ውስጥ ካልወሰነበት ተቃውሞው እንደ ተፈቀደ ይቈጠራል። ይህ ለግብር ከፋዩ እጅግ የሚጠቅም ድንጋጌ ነው፤ ግን የሚጠቅመው ተቃውሞውን በጊዜው ለጻፈ ሰው ነው። ያላረካው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በ2013 በወጣው ሕግ ወደ ተቋቋመው የግብር ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ቀኑ ይቈጠር። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ዛሬ በወረቀት ብቻ የሚላክ አይደለም፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድም ይላካል። ነጋዴው በግብር መዝገብ ሲገባ የተጻፈለት የኤሌክትሮኒክ አድራሻ የእርሱ ሳይሆን በሞያሌ ከተማ ኮምፒዩተር ከፍቶ ቅጽ የሚሞላለት ልጅ አድራሻ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ እንደ ሆነስ? ማስታወቂያው ደርሶአል ይባላል፤ ቀኑም መሮጥ ይጀምራል። ነጋዴው ወሬውን የሚሰማው ገንዘቡ በባንክ ሲታገድ ነው። ሕጉ በበሽታ፣ ከአገር ውጭ በመሆን ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ቀኑ ያለፈበት ሰው ጊዜው እንዲራዘምለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህም ቢሆን ጥያቄውን በአግባቡ የሚጽፍለት ሰው ይሻል። «አላነበብኩትም» ማለትና «በቂ ምክንያት ነበረኝ» ማለት በኡራን አንድ ነገር ነው፤ በጉባኤው ፊት ግን ሁለት ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ የሕግ ርዳታ የት አለ? ኬንያ በ2016 የሕግ ርዳታ ሕግ አውጥታ ብሔራዊ የሕግ ርዳታ አገልግሎት የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። ሕጉ ጠበቃ ለመያዝ ዐቅም የሌለው ዜጋ፣ ስደተኛም ጭምር፣ በመንግሥት ወጪ እንዲረዳ ያደርጋል፤ የወንጀልን፣ የፍትሐ ብሔርን፣ የልጆችን፣ የሕገ መንግሥትንና ሕዝብን የሚጠቅሙ ጉዳዮችን ያቅፋል። ያም ሆኖ ርዳታ የማይሰጥባቸውን ነገሮች ሲዘረዝር ከዕዳ ማስመለስ፣ ከኪሳራና ከስም ማጥፋት ክርክር ጋር የግብርን ጉዳይ ጨምሮ ያስወጣል። ይህች አጭር ቃል በናይሮቢ የሚኖረውን ሰው ላትነካው ትችላለች፤ በኡራን ላለው ነጋዴ ግን በሩን የዘጋችበት እርስዋ ናት። ሕግ አውጪዎቹ በዚህ ጊዜ ያሰቡት ግብር የሚጠየቅ ሰው ገንዘብ ያለው ሰው ነው፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ ጠበቃ ይይዛል ብለው ሳይሆን አይቀርም። አሳቡ ለትልልቅ ኩባንያዎች እውነት ነው። ግብሩ ከትርፉ ሳይሆን በእጁ ካለፈው ገንዘብ ለተቈረጠበት ሰው ግን፣ የተጠየቀው ብዛት ራሱ የድህነቱ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሀብታም መስሎ መታየት ሀብታም አያደርግም።

የሌላው አገር ልማድ ሲመረመር የኬንያ ሕግ በአንዳንዱ የተሻለ፣ በአንዳንዱም የጐደለ ሆኖ ይገኛል። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ግብር አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983፣ እንደ ወጣ፣ ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነበር፤ ወደ ግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ለመሄድም ከተከራከሩበት ግብር ግማሹን አስቀድሞ ማስያዝን ይጠይቅ ነበር። ኬንያ ይህን ግማሽ አትጠይቅም፤ ይህም የሚመሰገን ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ደግሞ በ1998 የወጣው የግብር መሥሪያ ቤቱን የሚያሻሽለው ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ግብር ከፋዮች ርዳታ የሚሰጡ ማዕከሎች ከመንግሥት ገንዘብ እንዲደጐሙ አደረገ። እነዚህ ማዕከሎች ሁለት ሥራ አላቸው፤ አንደኛው ድኻውን በግብር መሥሪያ ቤቱ ፊት መወከል ሲሆን፣ ሁለተኛው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ሰዎች መብታቸውንና ግዴታቸውን ማስረዳት ነው። እንግሊዝኛ የሕዝቡ ሁሉ ቋንቋ ነው በሚባልበት አገር እንኳ የቋንቋ ችግር የግብር ችግር መሆኑን ሕጉ ከተቀበለ፣ ከናይሮቢ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በራቀ በኡራን ይህን መካድ አይቻልም።

ግብር የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። መሬት ግን የሁሉም ነው፤ የጠፋም እንደ ሆነ በዓመት የሚተካ አይደለም።

በኡራንና በአካባቢዋ ያለው ግጦሽ ከጥንት ጀምሮ የወል መሬት ነው። ቦረናዎች ግጦሹን «ዴዳ» በሚሉት ክፍል ለይተው፣ በየክፍሉ ሽማግሌዎች እየተመካከሩ፣ የበጋውን ሣር ከክረምቱ፣ የሚታለቡትን ላሞች ከደረቁ ከብቶች ለይተው ያሰማራሉ። የጉድጓዱን ውሃ ተራ የሚያስጠብቀው «አባ ሄሬጋ» ነው። ይህ ሥርዓት የተጻፈ አይደለም እንጂ ሕግ ነው፤ ብዙ ድርቅም አሳልፎአል። የ2016 የወል መሬት ሕግ የሚያውቀው ግን የተጻፈውን ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማኅበረሰቡ ስሙንና አባሎቹን አስመዝግቦ ጠቅላላ ጉባኤ ያቋቁማል፤ ጉባኤውም ከ7 የማያንሱ ከ15 የማይበልጡ ሰዎች ያሉበትን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይመርጣል። መሬቱን ለሌላ ማስተላለፍም ሆነ ከባለሀብት ጋር ውል መዋዋል የሚቻለው ከጉባኤው ሁለት ሦስተኛው ሲስማማ ብቻ ነው። ሁሉም መልካም ነው። ሆኖም የመጀመሪያው የምርጫ ስብሰባ ጥሪ የሚደረገው በአገሪቱ ሁሉ በሚሠራጭ ጋዜጣና በሬዲዮ እንዲሆን ሕጉ ያዝዛል። ጋዜጣው ኡራን ይደርሳልን? ሬዲዮውስ በየትኛው ቋንቋ ይናገራል? ስብሰባው በበጋ ከሆነ ደግሞ ጐልማሶቹ ከመንጋው ጋር ርቀው ሄደዋል፤ በመንደሩ የሚቀሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ሴቶቹ በሕጉ ከወንዶቹ እኩል የጉባኤው አባሎች ቢሆኑም ይህን የነገራቸው ሰው ላይኖር ይችላል። በመዝገቡም ላይ ሌላ ጥያቄ አለ። ወሰኑን ተሻግሮ ግማሹን ዓመት በኢትዮጵያ በኩል የሚያሳልፈው ዘመድ በአባልነት ይጻፋል ወይስ አይጻፍም? ዛሬ ያልተጻፈ ሰው ነገ በአባቱ ግጦሽ ላይ እንግዳ ይሆናል።

መሬቱ እስኪመዘገብ ድረስ የሚጠብቀው የአውራጃው መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ በ63ኛው አንቀጽ የአውራጃው መንግሥት ያልተመዘገበውን የወል መሬት ለማኅበረሰቡ በአደራ ይይዛል ይላል። የ2016ቱ ሕግም አውራጃው ይህን መሬት ሊሸጠው፣ ሊያስተላልፈው ወይም ለግል ጥቅም ሊለውጠው እንደማይችል ይደነግጋል፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ቢወስደውም የካሣው ገንዘብ ለማኅበረሰቡ በአደራ እንዲቀመጥና መሬቱ ሲመዘገብ ከነወለዱ እንዲሰጠው ያዝዛል። እዚህ ላይ የአስተርጓሚ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይታያል። በአማርኛ «አደራ» የሚለው ቃል ስላለ ነገሩ በአንድ ቃል ይገባል፤ አደራ የተቀበለ ሰው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለምና። በስብሰባ ላይ ቆሞ ከእንግሊዝኛው የሚተረጕም ጸሐፊ ግን ነገሩን አሳጥሮ «መሬቱ የአውራጃው ነው» ብሎ ቢያልፈው፣ ሽማግሌዎቹ «የመንግሥት ከሆነ ምን እንላለን» ብለው ይነሣሉ። አንድ ቃል በመዛነፉ ስንት ሺህ ሄክታር ግጦሽ ያለ ተከራካሪ ሊቀር እንደሚችል ማሰብ ይበቃል።

ይህ ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ በዚያው በማርሳቢት አውራጃ የታየው ጉዳይ ያስረዳል። በአውራጃው ደቡብ፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ 365 የንፋስ መዘውሮች ያሉት ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቶአል። ለዚህ ሥራ የተሰጠው መሬት 150,000 ኤከር፣ ይኸውም ከ60,000 ሄክታር በላይ ነበር። የአካባቢው ሰዎች መሬቱ ከማኅበረሰቡ የተወሰደው ሥነ ሥርዓቱ ሳይጠበቅ ነው ብለው በ2014 ከሰሱ። በሜሩ የሚያስችለው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት በጥቅምት ወር 2021 የባለቤትነት ሰነዶቹ በሕጉ መሠረት የተገኙ አይደሉም ብሎ ፈረደ፤ ጉድለቱ እንዲታረምም የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ። ክርክሩም በዚያ አላበቃም። ከክሱ እስከ ፍርዱ ሰባት ዓመት አለፈ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መዘውሮቹ ተተክለው ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀምረው ነበር። የኤሌክትሪክ ኃይል ለአገር አያስፈልግም የሚል የለም። ነገር ግን መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት በነበሩት ስብሰባዎች ላይ ሕጉን አንብቦ «ይህ ሥነ ሥርዓት ተዘልሎአል» የሚል አንድ ሰው በሕዝቡ ጐን ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ለማኅበረሰቡም፣ ለኩባንያውም፣ ለፍርድ ቤቱም ሰባት ዓመት በተረፈ ነበር።

ስለ ፕላን ጉዳይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በሽታው ያው ነው። በ2019 የወጣው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሕግ ያለ ፈቃድ ግንባታ የጀመረ ሰው እስከ 500,000 ሺሊንግ በሚደርስ መቀጫ ወይም እስከ ሁለት ወር በሚደርስ እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ያደርጋል። ፈቃድ የተከለከለ ሰው አቤቱታውን ለአውራጃው የፕላን አገናኝ ኮሚቴ የሚያቀርበው በ14 ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በመንገድ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ የሠራች ሴት በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ደብዳቤውን አስነብባ፣ ገንዘብ አበድራ፣ ወደ አውራጃው ከተማ ተጕዛ፣ አቤቱታ አስጽፋ እንድትጨርስ መጠበቅ የማይሆነውን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ምንድር ነው? በየዋርዱ አንድ ጠበቃ ይቀመጥ የሚል ሰው ቢኖር ከንቱ ምኞት ይሆናል፤ ጠበቃው አይሄድም፣ ቢሄድም አይቈይም። ደግነቱ የሕግ ርዳታው ሕግ ራሱ ሌላ መንገድ ከፍቶአል። ጠበቃ ሳይሆኑ ሥልጠናና ፈቃድ አግኝተው ሕዝቡን በሕግ ነገር የሚረዱ ሰዎች በሕጉ ይታወቃሉ። በቀድሞው አማርኛ ነገረ ፈጅ የሚባለውን ሰው የሚመስሉ ናቸው። ከኡራን፣ ከሶሎሎና ከኦቡ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ያጡ፣ ቦረንኛም እንግሊዝኛም የሚያውቁ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ መካከል በየዋርዱ ሁለት ወይም ሦስት፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ተመርጠው ቢሠለጥኑ፣ በሞያሌ ከተማ ደግሞ እነርሱን የሚቈጣጠርና ከባዱን ጉዳይ የሚረከብ ጠበቃ ቢኖር፣ ሥራው ይጀመራል።

በዚህ ነገር አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከተሞች በየፍርድ ቤቱ በር «ራፖር ጸሐፊ» የሚባሉ አቤቱታ ጸሐፊዎች ብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ ብዙ ድኻ በእነርሱ ብዕር ተረድቶአል። ከመካከላቸው ግን ነገሩን ሳይመረምሩ አንዱን ጽሑፍ ለሁሉ የሚገለብጡ አሉ፤ ከደላላ ጋር ተስማምተው ባለጉዳዩን ከችሎት ወደ ችሎት የሚያንከራትቱም አልጠፉም። የሚሠለጥነው ረዳት የሚጠየቅበት ሹም ከሌለው፣ ደመወዝም ካልተቈረጠለት፣ በኡራንም የሚሆነው ይኸው ነው። ነጻ የተባለው ርዳታ በፍየል የሚከፈል ርዳታ ይሆናል።

ወጪውን አገር አይችለውም የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ኬንያ ብዙ ዕዳና ብዙ ችግር ያለባት አገር ናት። ነገር ግን አንዳንዱ መድኃኒት ከሥራ ሰዓት በቀር ወጪ የለውም። ለዚህም ከኬንያ ሕግ ውስጥ ራሱ ምሳሌ ይገኛል። በ2016 የወጣው የመረጃ ማግኘት ሕግ ማንም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅና በ21 ቀን ውስጥ እንዲመለስለት ያደርጋል፤ ጠያቂው መጻፍ የማይችል እንደ ሆነም ጥያቄውን በቃሉ ተቀብሎ በጽሑፍ የሚያሰፍርለት የመሥሪያ ቤቱ ሹም ነው። ይህ ደንብ የተማረ ሰው ላልተማረ ሰው እጁን የሚያውስበት ደንብ ነው። በመረጃ ጥያቄ የሚሠራ ከሆነ በግብር ተቃውሞና በፕላን አቤቱታ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ነጋዴው በሞያሌ የግብር ጽሕፈት ቤት ቀርቦ «ገንዘቡ የእኔ አይደለም፣ የባለከብቶቹ ነው» ብሎ በቃሉ ሲናገር፣ ጸሐፊው ቃሉን ከነቀኑ ቢመዘግብለት ተቃውሞው በጊዜው ቀረበ ማለት ነው። ማስረጃውን በኋላ ያመጣል።

ይህ ሁሉ ከሦስት ወገኖች ይጠበቃል። የኬንያ ምክር ቤት በሕግ ርዳታው ሕግ ውስጥ ግብርን የሚያስወጣውን ቃል ጨርሶ ባይሰርዘው እንኳ፣ ኩባንያዎችን ለይቶ ለግለሰብና ለአነስተኛ ነጋዴ እንዲከፍተው ያስፈልጋል። የኬንያ የሕግ ማኅበር አባሎችም በዓመት ጥቂት ቀን ወደ ሞያሌ ተጕዘው ቢያስተምሩና ከባዱን ጉዳይ ቢይዙ ለሙያቸው ክብር ነው፤ አስፋልቱ ለጭነት መኪና ብቻ አልተሠራም። የማርሳቢት አውራጃ መንግሥት በበኩሉ ስለ ወል መሬትና ስለ ፕላን የሚያወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ በቦረንኛ እያስጻፈ በኡራን፣ በሶሎሎና በሞያሌ የከብት ገበያዎች ላይ በገበያ ቀን እንዲነበብ ያድርግ፤ ስብሰባውንም መንጋው በሚመለስበት በዝናቡ ወራት ይጥራ። በየደብዳቤው ራስ ላይ ደግሞ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ቀጥሎ፣ ተቃውሞ የሚቀርብበት የመጨረሻው ቀንና ባለጉዳዩ የሚሄድበት ቦታ በጉልህ ፊደል፣ በባለጉዳዩ ቋንቋ ይጻፍ።